የሽጉጧ ጥፍር እና ደንቆሮው ጆሮዬ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነሥቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ‘እገሌ እኮ ከተቀበረ በኋላ በር ሲያንኳኳ ተሰማ’ ምናምን ሲባባል፣ ‘ታዲያ ምነው አልከፈታችሁለትም?’ ብዬ ጨዋታውን የማበላሸው እኔ ነኝ፣ ባለቤቴ ወይንሸት በዚህ አመሌ ስታፍርብኝ ኖራለች። ሥራዬ ብረት ነው። ብረት ወይ ይገጥማል ወይ አይገጥምም፣ ከገጠመ ይሠራል፣ ካልገጠመ ሞረድ ታነሣላችሁ፣ በመሃሉ ሌላ ነገር የለም። ይህን ሁሉ የምለው ቀጥሎ የማወራላችሁን ስትሰሙ ‘ሰውዬው ድሮም ነካ ያደርገዋል’ እንዳትሉኝ ነው።

ሌላም እወቁልኝ፣ የቀኝ ጆሮዬ አይሰማም። ውትድርና ላይ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ሳለሁ፣ አንድ ምልምል ጥይት ተሰንቅሮ አልወጣ ያለው ሽጉጥ ይዞ ወደ ቆርቆሮ ቤታችን ገባ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ መፍቻ ሳነሣ ጆሮዬ ሥር ባረቀበት። ማንም አልተጎዳም፣ ጣሪያው ብቻ ተበሳ። ተኩሱን ሰምቼዋለሁ፣ ቀልሃው ግን ሲሚንቶው ላይ ወድቆ እየተንከባለለ ጠረጴዛ ሥር ሲገባ በዓይኔ አየሁት እንጂ ድምፁን አልሰማሁትም። ግራው ጆሮዬ ከቀናት በኋላ ተመለሰ፣ ቀኙ በዚያው ቀረ። ሐኪሙ አገላብጦ አየኝና ነርቩ ሞቷል አለኝ፣ ‘ይቺ ከእንግዲህ መነጽር ማንጠልጠያ ናት’ ብሎም ቀለደብኝ፣ እውነቱን ነው፣ ለዚያው ነው የምገለገልባት።

ኑሮዬን በዚያው ልክ አበጀሁት። ታክሲ ስገባ የቀኙን መስኮት ይዤ እቀመጣለሁ፣ ከሰው ጋር ስሄድ ሰውየውን በግራዬ አደርጋለሁ፣ ወይንሸት ስትናደድብኝ ደግሞ በቀኝ በኩል ትዞርና የልቧን ታደርሳለች፣ እኔም ከንፈሯን እያየሁ ‘እሺ’ እላለሁ። ይህን ያህል ዓመት በዚያ ጆሮ አንዲት ድምፅ አልገባችም፣ እመኑኝ፣ ነጎድጓድ እንኳ በግራ ብቻ ነው የምሰማው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ የጥበቃ ድርጅት ቀጠረኝ፣ ስሙን ተዉት። መሣሪያ ክፍሉ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ወደ አብነት ሲወረድ ካለ አንድ ግቢ ጓሮ ነው፣ የብረት በር፣ አንድ መስኮት፣ የሲሚንቶ ወለል፣ የእኔ ጠረጴዛ፣ በቃ። ጥበቃዎቹ ጠዋት ሽጉጣቸውን ይወስዳሉ፣ ማታ ይመልሳሉ። ሲመልሱ ሥርዓት አለን፣ የጥይት ካርታውን ያወጣሉ፣ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስበው ውስጡ ባዶ መሆኑን ያሳዩኛል፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። እኔ አይቼ ‘ባዶ’ ካላልኩ ማንም አይሄድም፣ ኃላፊያችን አቶ መስፍንም ቢሆን።

ታዲያ ሰናይት የምትባል ልጅ አለች። ሰንጋ ተራ አንድ ትልቅ ሕንፃ በር ላይ ቆማ የሴቶች ቦርሳ ስትፈትሽ ነው የኖረችው፣ ፀሐይ ሲመጣ ፀሐይ፣ ዝናብ ሲመጣ ዝናብ፣ ማታ ወደ እኛ ግቢ ስትመጣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሽ አያለሁ። እናቷ አልጋ ላይ ናቸው፣ አስታማሚያቸው እሷው ናት። ታዲያ ልጅቷ የተኩስ ልምምድ ላይ ወንዶቹን ሁሉ አስከነዳቻቸው፣ አቶ መስፍንም ሳይወድ በግዱ የብር ማመላለሻውን መኪና እንድታጅብ መረጣት። ከእኛ ቤት ለዚያ ሥራ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ደመወዙ ይሻላል፣ ከደመወዙ ይልቅ ደግሞ መቀመጫ አለው፣ ለእሷ ትልቁ ነገር ያ ነበር፣ ቁጭ ብሎ መሥራት።

ችግሩ፣ ለእሷ የሚሆን ትርፍ ሽጉጥ አልነበረም። ያሉት ሁሉ ሰው እጅ ናቸው፣ መደርደሪያ ላይ የቀረችው አንዲት አሮጌ ሽጉጥ ጥፍሯ የተሰበረባት ነች። ጥፍር የምለው እኔ ነኝ፣ ሌላው ኤክስትራክተር ይላታል፣ ሽጉጥ ሲተኮስ ባዶውን ቀልሃ ጠርዙን ይዛ ጎትታ የምታወጣው ኩርምት ያለች ትንሽ ብረት ናት። እሷ ከሌለች ባዶው ቀልሃ ውስጥ ይቀራል፣ ቀጣዩ ጥይት መግቢያ ያጣል፣ የያዘው ሰው እጁ ላይ ያለው ብረት ብቻ ይሆናል። አቶ መስፍን ቁርጡን ነገረኝ፣ ሰኞ ጠዋት የሚሠራ ሽጉጥ ካለ ሰናይት፣ ከሌለ የራሱ ፈቃድ ያለው መሣሪያ ያለው ሌላ ሰው መኪናው ላይ ይወጣል፣ እሷም ወደ በሯ ትመለሳለች። ይህን ሲለኝ ቅዳሜ ነው፣ የግንቦት ልደታ ዕለት።

ሰፈሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ያን ቀን መንገዱ ነጭ በነጭ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮውን ጥዶ፣ ዳቦውን ቆርሶ፣ ሕፃናቱ በሰው መሃል እየተሯሯጡ፣ መዝሙሩ ከአንዱ ድምፅ ማጉያ እየተለቀቀ፣ ጫጫታ ነው። ግቢያችን ግን ባዶ ነበር፣ እኔና በር ጠባቂው ብቻ። መስኮቱን ከፈትኩና ሥራዬን ጀመርኩ።

ድርጅቱ ያስመጣቸው አዳዲስ ጥፍሮች ነበሩኝ፣ በላስቲክ የታሸጉ፣ የሚያብረቀርቁ። አንዷ አፏ ወፍራም ነው፣ የቀልሃውን ጠርዝ አልፋ መያዝ አቃታት፣ ሞረድኳት፣ አሁንም እምቢ አለች። ሌላዋ ገባች፣ ደስ አለኝ፣ ግን ብረቷ ልል ነው፣ ባሩድ በሌለው መሞከሪያ ጥይት ስሞክራት ይዛ ትጎትትና መሃል መንገድ ላይ ትለቀዋለች። እንዲህ ያለችው ከሌለችው ትብሳለች፣ የሌለችውን ቢያንስ ማንም አያምናትም። ቀሪዎቹም የእነዚሁ እህቶች ናቸው።

አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ አለኝ፣ ካረጁና ከተወገዱ ሽጉጦች የተፈቱ ዕቃዎች የማጠራቅምበት። ዕቃው ከየት ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ድርጅቱ ለመለዋወጫ ብሎ በጅምላ ያስገባው ነው። ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩትና ጥፍር ጥፍሩን ለየሁ። አንዷ አጠረች፣ አንዷ ሰፋች፣ አንዷ ጫፏ ተበልቷል። ከሥር የቀረችው ጠቆር ያለች፣ ጫፏ በአገልግሎት ብዛት የለሰለሰች ናት፣ ቦታዋ ላይ አድርጌ በአውራ ጣቴ ስጫናት ጠቅ ብላ ገባች፣ አንዴ እንኳ ሞረድ አላነሣሁም። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይገጥመኝም፣ ትንሽ ኮራሁ።

መሞከሪያ ጥይቶቹ ወለሉ ላይ እንዳይበታተኑብኝ ሁልጊዜ ጆንያ አነጥፋለሁ። አጎረስኩ፣ ሳብኩ፣ ጥይቱ ተስፈንጥሮ ጆንያው ላይ ዱብ አለ። ደገምኩ፣ ያው። አንድም የተሰነቀረ የለም። ጨረስኩና ውስጧ ባዶ መሆኑን ለማየት እንደ ልማዴ አንዴ ወደ ኋላ ሳብኳት፣ ያኔ በቀኜ በኩል አንድ ነገር ወለል ላይ ወደቀ፣ ጥን፣ ከዚያ ጥንን፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ሲንከባለል።

አንድ ጥይት ተርፎ ነበር ብዬ ጎንበስ አልኩ። ጆንያው ሥር ፈለግኩ፣ ጠረጴዛው ሥር በባትሪ አየሁ፣ ምንም የለም። መሞከሪያዎቹን ሰበሰብኳቸው፣ ሁሉም አሉ። ልጆች በመስኮት ቆርኪ ወረወሩ ብዬ ወደ ውጭ አየሁ፣ ግቢው ውስጥ ማንም የለም፣ በር ጠባቂው ንፍሮውን እየቃመ ስልኩን ያያል። ተውኩት። ዘይት ቀባኋት፣ ጠረግኳት፣ እንደገና ሳብኳት። ጥን፣ ጥንን፣ መንከባለል። አሁንም በቀኜ።

እዚህ ላይ ነው እጄ የቆመው። በቀኜ የሚል ነገር እኔ ዘንድ የለማ። አንድ ጆሮ ያለው ሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ መለየት አይችልም፣ ሁሉም ነገር ከአንድ ወገን ነው የሚመጣለት፣ መኪና ጥሩምባ ሲነፋብኝ ዞሬ ዞሬ ነው የማገኘው። ይቺን ግን ጎንበስ ያልኩት ሳላስብ፣ በቀጥታ ወደ ቀኝ ነው።

እስቲ አንተ ሽማግሌ፣ ቀልደኛ ብዬ ራሴን ተሳደብኩና ግራ ጆሮዬን በጣቴ ጥርቅም አድርጌ ደፈንኩት። መዝሙሩ ጠፋ፣ የደጁ ጫጫታ ጠፋ፣ የራሴን ትንፋሽ እንኳ አልሰማውም። ሽጉጧን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፌ በአንድ እጄ ሳብኳት። ጥን አለ፣ ጥርት ብሎ፣ ጥንን፣ ተንከባለለ፣ ተንከባለለና አንድ ነገር ሥር የገባ ይመስል ታፈነ።

አልደነገጥኩም ብል ዋሸሁ። ግን ሥራዬ ሥራ ነው፣ ምክንያቱን መፈለግ ጀመርኩ። ጠቆር ያለችውን አወጣሁና ልሏን አዲሷን ገጠምኩ፣ ሳብኩ፣ ዝም። አሮጌዋን መለስኩ፣ ጥን። ሌላ ሽጉጥ አንሥቼ ሳብኩ፣ ዝም። ከዚያ ጥፍሯን አውጥቼ በአጉሊ መነጽር አየኋት። ሆዷ ላይ፣ ቆሻሻው ሥር፣ ሁለት ነጥብ አለ፣ ድሮ ቃልና ቃል ለመለየት የምንጽፋት ዓይነት፣ አንዷ ከአንዷ በላይ።

የእኔ ምልክት ናት። ውትድርና ላይ በእጄ የገጠምኩትን ዕቃ ሁሉ በሹል ብረት እንዲህ እመታው ነበር፣ የእኔ ሥራና የሌላው ሥራ እንዳይቀላቀል። ታዲያ ስንቱን መትቻለሁ፣ ስንቱ ሽጉጥ ላይ ገብቷል፣ ይቺ የየትኛው እንደነበረች ማን ያውቃል? ያ ምልምል ይዞት የገባው ሽጉጥ የማን ጥፍር እንደነበረው ያኔም አላየሁም። አሁንም አላውቅም። የማውቀውን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

አመሻሹ ላይ ሰናይት በሰሃን ንፍሮ ይዛ መጣች። ከንፍሮው ይልቅ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

“ሆነ ጋሼ?” አለችኝ።

ሽጉጧን ሰጠኋት፣ መሞከሪያ አጎረሰች፣ ሳበች፣ ወጣ፣ ደገመች፣ ወጣ፣ ፊቷ በራ። ቀጥላ ባዶዋን ሳበቻት፣ እኔ ጥን ሲል ሰማሁ፣ እሷ ምንም አልሰማችም፣ ሳቅ ብላ “እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ልደታ ታክብርልኝ” አለች። ምን ልበላት? ገና አልጨረስኳትም፣ ሰኞ ጠዋት ነይ አልኳት፣ ፊቷ ሲጠቁር አየሁና ንፍሮውን መቃም ጀመርኩ።

ለአቶ መስፍን ደወልኩለት። ሽጉጧን ለልጅቷ ባንሰጣት እመርጣለሁ አልኩት። “ትሠራለች አትሠራም?” አለኝ። ትሠራለች አልኩት። “ታዲያ?” አለኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? የማይሰማው ጆሮዬ ይሰማል ልበለው? ያ የራሱ መሣሪያ ያለው ሰውዬ እንዲወጣ ከፈለግህ አሁን ንገረኝ አለ፣ እኔም እስቲ ልየው ብዬ ዘጋሁት። ወይንሸት ደግሞ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ሃያ ዓመት ሳቅክብን፣ ተራህ ደረሰ አለችኝ፣ ቆይታ ግን ጠበል በትንሽ ጠርሙስ አድርጋ ኪሴ ከተተችልኝ። እሑድ ቢሮ ሄጄ ወፍራሟን ጥፍር እየሞረድኩ ዋልኩ፣ ሲሳሳ ተሰበረች። ጠበሉንም፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ ጠብ አድርጌባታለሁ፣ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ዝገት እንዳይዛት ጠርጌ ጠርጌ መድከም ነው።

ሰኞ ጠዋት ሰናይት አዲሱን የደንብ ልብስ ተኩሳ ለብሳ፣ ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ ጎንጉና፣ የመሣሪያ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ያበጠውን እግሯን አሰብኩ፣ እናቷን አሰብኩ፣ በሌላው ሚዛን ላይ ያለችው ከእኔ በቀር ማንም የማይሰማት አንዲት ጥን የምትል ድምፅ ናት። ፈረምኩና ሰጠኋት። አዲስ፣ ልከኛ ጥፍር እንዲመጣልኝም በዚያው ቀን አዘዝኩ።

ሥራውን ጥሩ አድርጋ ያዘችው። ማታ ማታ ስትመልስ ካርታውን ታወጣለች፣ ትስባለች፣ እኔ ጥን ሲል እሰማለሁ፣ ‘ባዶ’ እላለሁ፣ ትሄዳለች። ልንገራችሁ፣ ሰው የማይለምደው ነገር የለም፣ ከጊዜ በኋላ እንደ ሰዓት ቆጠርኩት፣ ጥን ሲል ሰናይት በሰላም ገባች ማለት ነው አልኩ። እንዲያውም አንዳንዴ፣ ለሰው አትንገሩብኝ እንጂ፣ ደስ ይለኝ ነበር፣ በዚያ ጆሮዬ ሌላ የምሰማው ነገር የለኝማ።

ያዘዝኩት ዕቃ ክረምቱ ሲገባ መጣ። ከአዳዲሶቹ አንዷ ትንሽ ተሞርዳ ልክ ሆነች፣ አጥብቃ ትይዛለች፣ ጥርግ አድርጋ ታወጣለች። ባለ ሁለት ነጥቧን አወጣኋትና በክብሪት ቀፎ አድርጌ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩባት። ሽጉጧን ባዶዋን ደጋግሜ ሳብኳት፣ ዝም። ግራዬን ደፍኜ ሳብኳት፣ ዝም ጭጭ። እፎይ አልኩ፣ በማግስቱ ጠዋት ለሰናይት ስሰጣት በሙሉ ልቤ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ዝናቡ አባርቶ ሰናይት መጣች። ካርታውን አወጣች፣ ሳበች። እኔ ምንም አልሰማሁም፣ ከግንቦት ወዲህ እሷ ስትስባት ለመጀመሪያ ጊዜ። ‘ባዶ’ ልል አፌን ስከፍት፣ ልጅቷ ወለሉን አየች። ዝም ብሎ ማየት አይደለም፣ ዓይኗ አንድ የሚሄድ ነገር ተከትሎ ከእግሯ ሥር ተነሥቶ እስከ ጠረጴዛዬ ሥር ደረሰ፣ ከዚያ በቀኝ በኩል ጎንበስ አለች።

“ጋሼ፣ ምን ወደቀ?” አለችኝ።

“ምንም አልወደቀም” አልኳት።

እጇን አስገብታ ዳበሰች፣ አቧራ ይዛ ወጣች፣ ጣቷን አራገፈችና ሽጉጧን አስቀመጠች። መሳቢያውን ከፍቼ አየሁ፣ ክብሪት ቀፎው አለ፣ ጥፍሯም ውስጡ አለች። ክፍሉን ቆልፌ አብረን ወጣን፣ ሁለታችንም ታክሲ የምንይዘው ወደ አብነት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ስለነበር በዳር በዳር እንሄዳለን። እንደ ልማዴ በግራዬ እንድትሆን በቀኟ ዞርኩ። ሁለት ሦስት እርምጃ እንደሄድን እሷ ደግሞ ከኋላዬ ዞረችና በቀኜ ሆነች። መልሼ ዞርኩ፣ መልሳ ዞረች፣ አንድ ሱቅ በር ላይ ስንሽከረከር ባለሱቁ አየንና ሳቀ፣ እሷም ሳቀች።

“ይቅርታ ጋሼ” አለችኝ፣ የቀኝ ጆሮዋን በመዳፏ ሸፍና፣ “ይሄኛው ከሰሞኑ ድፍን ብሎብኛል፣ ብርድ መትቶኝ ይሆናል። ለአቶ መስፍን ግን እንዳይነግሩብኝ፣ ከመኪናው ያወርዱኛል።”

ሐኪም ዘንድ ሂጂ አልኳት፣ እሺ አለች፣ እስካሁን ግን አልሄደችም፣ እኔም ለአቶ መስፍን አልነገርኩም። ዛሬም ጠዋት ፈርሜ ሽጉጧን ሰጥቻታለሁ። ማታ ስትመልስ እንግዲህ የማየው እጇን ሳይሆን ዓይኗን ነው፣ በሳበች ቁጥር ወለሉን ታያለች።